ሰምሱም፥ በአል ዐይን

የድንገተኛ ክፍል ወለል ነው እንጀራዬ፤
ሐበሻ ሲመጣ ይጠሩኛል፥
መወልወያዬን አቁሜ፥ ከነጓንቲዬ።

በሐምሌ አንድ ረቡዕ የሻረግ መጣች፤
ሽፋሽፍቷ ከጉንጯ ገጥሞ፥
ዓይን በሚሏት ከተማ ዓይን አጥታ ገባች።

ከፈለጁ ዳር፥ ከተምሩ ጥላ
ቱቦ ስትጠቀልል ተረከዟን ነድፋት፤
"ጉንዳን ናት እኮ፥ ጉንዳን ናት" ብላ
ሳቅ ቃጣት፤ ትውከቱ ቀደማት።

ግፊቷ ሰባ በዐርባ። ድምጿ ክር አከለ።
"ደረቴ ላይ ሰው ቆሟል" አለችኝ፤
ያንን ስተረጉም ዶክተር ሙዛሚል አልጠበቀኝም፤
ሱሪዋን ሳያስወልቅ፥ ከጭኗ ጎን መርፌውን ተከለ፤
"አድሬናሊን ይቅደም፥ ወሬ ይደርሳል" አለ።
እግሯን ከፍ አደረጉ፤ ኦክስጅን፥ በሁለት ክንዷ የጨው ውሃ።
የማሳከኩ ክኒን ተራውን ጠበቀ።
እጇን ይዤ ነበር፤
በስምንተኛው ደቂቃ አውራ ጣቷ ሞቀ።

"ከዚህ በፊት ነድፋሽ ታውቃለች?"
"ዐምና፤ ብጉር አወጣሁ፥ አከክኩት፥ ጠፋ።"
ራሱን ነቀነቀ። "ንገሪያት" አለኝ።
ምን ብዬ? "አለርጂ" አልኳት፤
ቃሉ አፌ ላይ እንደ ሳንቲም ቀዘቀዘ፤
እንደገና ጀመርኩ።

"የሻረግ፥ ያን ጊዜ ብጉሩ ሲጠፋ
ሰውነትሽ አልተኛም፤
ለዚያች መርዝ ብቻ ዘብ አቆመ፥
በቆዳሽ፥ በሳንባሽ፥ በአንጀትሽ ደጃፍ፥
ጣቱን ከቃታ ያላነሳ ዘብ።
ዛሬ ያቺው ጠብታ ብቅ ስትል
ሁሉም ባንድ አፍታ ተኮሰ፤
ሌባዋ ኢምንት፥ ቤቱ ግን ፈረሰ።
ደም ሥርሽ እንደ አሮጌ ስልቻ አንጠባጠበ፥
ጉሮሮሽ ጠበበ።
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ?
በርይቶ ነው፥ ያንቺው ሥጋ።"

ዝም አለች። ከዚያ፥
"እኔ ያልያዝኩትን ቂም እሱ ያዘው?" አለች።
ይህን አልተረጎምኩም።

ሙዛሚል የሰናር ልጅ ነው።
"በመጽሐፍ የኔን አገር ስም ተሸክማለች" አለ፥
"ባሕሩን ተሻግራ፥ ከአፈር ጋር ይሁን ከችግኝ ማን ያውቃል፤
ኮንትራት የላት፥ ጣት አሻራ አልሰጠች።"
የሻረግ ባበጠ ከንፈሯ ሣቀች።

እስከ ማታ አቆዩዋት፤
ማዕበሉ ሄዶ ሊመለስ ይችላል አሉ።
አሮጊቷ ኡም ገይስ ከበሩ አልተነሳችም።
እህቷን እንዲህ ነው ያጣቻት፥ በልጅነት፥ በተምር ማሳ፤
እብጠቱን ገና ስታይ "ሰምሱም!" ብላ ጮኻ
የልጅ ልጇን በሌሊት ልብሱ ያስነዳችው እሷ ናት።

በአምስተኛው ሳምንት ተመለሱ፤
ክንዷ ላይ ጠብታ ጠብታ አኑረው ጫር አደረጉ፤
የጉንዳኗ ቦታ ቀልቶ ዐበጠ፥
እንደ ማኅተም።
ሁለት እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ሰጧት፥
አንዱ ባይበቃ አንዱ።
ወረቀቱን አነበብኩላት፦
ከማቀዝቀዣ አይግባ፤ ጸሐይ አይንካው፤
ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ይበላሻል።
ውጭ ዐርባ አምስት ነበር፤
የሻረግ ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ነበረች።
"እኔስ?" አላለችም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ኡም ገይስ የመለማመጃውን ተቀብላ
የገዛ ጭኗ ላይ ተክላ ቆጠረች፦ ዋሒድ፥ ኢትነይን፤
የሻረግ በሹክሹክታ፦ አንድ፥ ሁለት፤
አልገጠሙም፤ አንዷ ቀድማ ጨረሰች።

"ቀዝቃዛ መሳቢያ አለኝ" አለች አሮጊቷ፥
"ከፓስፖርቷ ጋር አኖርላታለሁ።"
ቁልፉን ካንገቷ አውጥታ አሳየችን።
ዶክተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሯል።

አስተርጓሚ አይደለሁም፤ ወለል ወልዋይ ነኝ፤
ያላለውን ግን በሱ ስም ጨመርኩ፥
አንዴ በዐረብኛ፥ አንዴ በአማርኛ፦
"ዶክተሩ ብሏል፤
ይህ የሚቆለፍበት አይደለም።"