አምስተኛው ሳጥን

ጦሳ ጉሙን ሳያወልቅ፣ ሙጋድ በሯን ሳትከፍት፣
ጋሽ ሙሔ ጠመኔ ይዟል፣ እኔ ላፕቶፕ ከሱ ፊት።
የአርባ ዓመት መዝገቡን፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሮ፣
ወደኔ ገፋ አደረገው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ።
"ወደዚያ አግቢልኝ" አለ፣ "ዓይኔ እንደሁ ከእንግዲህ አይረባ፣
ክር ማስገባት አቅቶኛል። አንቺ አግቢልኝ፣ ሉባባ።"

በነፃ ያወረድኩት ነው። ሦስት እርከን ነው፤ እኛ ከታች፣
እንደዚችው እንደ ሱቃችን፣ ከሰው ደረጃ ሥር እንዳለች።
ለታች ሰው የተፈቀደው ሁለት መቶ ደንበኛ፣
ከስምና ከስልክ ሌላ አምስት ሳጥን። ስድስተኛ
ልጨምር ስል ቁልፍ ትወጣለች፣ ግራጫ፣ ዝምተኛ።

ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ፣ የሱሪ ቁመት።
አለቀ።
መዝገቡ ግን ገና ነው፣ በጠማማ የእርሳስ ጽሕፈት፦
"ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ የባቲ ጨው ተሸክሞበት።"
"ጤፍ ሲወቃ ይከፍላል፤ እስከዚያ ሰው አይጠይቀው።"
"ኪስ ትወዳለች ከውስጥ በኩል፣ ባሏ የማያውቀው።"
"ልጁን ቀብሯል፤ ስትለኩት ስለ ልጅ አታንሱበት።"

"የሱሪ ቁመት በዓይን ይገባኛል" ብሎ ፈቀደ፤ ሰረዝኩት።
አምስተኛውን ሳጥን ከዚያ ወዲያ "ሌላ" አልኩት።
ኪሱን፣ ዕዳውን፣ ሐዘኑን ባንድ ላይ አጨቅሁት፣
በጭረት በጭረት ለይቼ።
ለካስ ፊደልም ገደብ አለው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት።
ያለፈው ይቆረጣል። ኋላ ስከፍተው አገኘሁት፦
"ልጁን ቀብ"

"የላይኛውን ብንከፍል" አልኩት፣ "ገደብ የለሽ ነው ይላል።
በየወሩ ነው፣ በዶላር።" መርፌውን ከከንፈሩ ነቅሎ ይስቃል።
"አስታግፊሩላህ! ገደብ የለሽማ አንድ ነው፤
እሱም በወር አያስከፍል።"
ሳቁ ሳያልቅ ወደ እጅጌው ተመለሰ።

አረፋ አራት ቀን ሲቀረው ሁለት መቶው ሞላ።
ደጁ ላይ ሰልፍ፣ በየክንዱ ጨርቅ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ።
አዲስ ሰው አልቀበል አለኝ። እኔም ለማስለቀቅ ቦታ
ሙታኑን አጠፋሁ። አሥራ አንድ። ሳልነግረው፣ በዝግታ።
ወገብ ምን ይሠራላቸዋል?

ማግስቱን ሸጋው መጣ፣ የእርገጤ ይመር ልጅ።
"አባቴ አምና ያስቀመጠው ጨርቅ ነበር አንተ እጅ።
ኮት አርገህ ስፋው" አለ፣ "በሱ ልክ እንጂ በኔ አይደለም።
እናቴ ናት። ከበሩ ኋላ ልትሰቅለው ነው፣ ሌላ የለም።"

ፈለግሁ። በእርገጤ። በይመር። በስልኩ።
"ምንም አልተገኘም።"
ጋሽ ሙሔ ስክሪኑን አላየም፣ እኔን አየ።
ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ መዝገቡን ገለጠ፣
ጨርቁን ዘረጋ፣ ጎንበስ አለ፣
ለማይለብሰው ሰው ግራ ትከሻውን
ሁለት ጣት ዝቅ አድርጎ ቆረጠ።

ማታ ሁለት መቶውን ስበረብር አመሸሁ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ።
ሁሉም ሕያው፣ ሁሉም ዕዳ ወይ ቀጠሮ ያለበት። ማን ይውጣ?
ከሥር፣ ከሁሉም ከሥር፣ የመጀመሪያው ቀን የፈጠርኩት፦
"ሙከራ ሙከራ"፤ ደረት አንድ፣ ወገብ አንድ። አጠፋሁት።
እርገጤን በሱ ቦታ መለስኩት፣ ትከሻውን ከነጨዉ።
"ሞቷል" ብዬ ልጨምር ስል ቁልፏ ብቅ አለች፤ ሳጥን የለም።
"ሌላ"ውን እንደሁ ጨዉ ሞልቶታል።
ይሁን።
በነፃው እርከን ላይ እርገጤ ይመር አልሞተም፤
ኮቱ ለሰኞ ይደርሳል።