መሪ ስመርጥ

ነፋሱ ቆርቆሮ እየደበደበ
ያዳማን አቧራ ደጅ ላይ ሰበሰበ።
መኪናዬ ቆማ ግንዲላ ተንተርሳ፣
ቸርኬዋን ፈታና ኦቦ ደቻሳ
ከሥሯ ተንጋለለ፤
በመዶሻው ጫፍ አክሱን መታ መታ አድርጎ እንዲህ አለ፦
«ይሄ ድፍን ብረት፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ምንድን ነው ብትይኝ፣ የበሬ ቀንበር።
አንዱ ጉብታ ላይ ሲወጣ በድንገት
ጠማማ ይሆናል የሌላውም አንገት።»

«በይ መሪ ምረጪ» ብሎኝ እጁን ሲታጠብ በናፍጣ፣
ከጎሚስታው በኩል የጎረምሳ ሳቅ መጣ፦
«መሪ መምረጥ አለ? የት ነው ሰልፉ? እኛም እንምጣ!»

ሦስት ነበሩ ዕጩዎቹ።

አንደኛው የዱሮው፦ አንድ ቦክስ፣ አንድ ዘንግ፣ ቲራንቲ ከነቡሎኑ፤
ፖምፓ የለው፣ ዘይት የለው፣ የክንድ ጉልበት ነው ነዳጁ።
ጠጠሩን ጠጠር፣ ጭቃውን ጭቃ ብሎ
እስከ ትከሻ ድረስ ያደርሳል፣ ምንም ሳያጎድል፣ ምንም ሳያባብል።
እሱንስ አውቀዋለሁ።
አምና ከፈንታሌ ግርጌ፣ እሳት ከተፋው ጥቁር ድንጋይ መሐል፣
የሮባ ግመል ምጥ ጠንቶባት፣ መሽቶብኝ ስቸኩል፣
የፊት ጎማዬን አንድ አለት ጠለፈው፤
መሪው ባንዴ ዞሮ ቀኝ አውራ ጣቴን በብረቱ ገረፈው።
ቀጭ ሲል ሰማሁት። በግራዬ ነዳሁ።
ግልገሏን በዘጠኝ ጣት ጎትቼ አወጣሁ።

ሁለተኛው ዕጩ ዘይት ነው በሙሉ።
ሎደር የሚጠግን፣ ቱፋ የሚባል ልጅ፣ ከወንጂ ነው አሉ፣
ባለ ሁለት ቱቦ ፒስተን ተሸክሞ መጣ፦
«ዘንግ የለ፣ ቦክስ የለ፤ ባንድ ጣት ታዞሪያለሽ፤ አለቱ ቢቆጣ
አይሰማሽም እንኳ!»
ልቤ ወደሱ አደላ። ጣቴማ ከልቤ ቀድሞ ሄዷል።
ደቻሳ ግን ቱቦውን ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርገው ቆየና፦
«ይሄ ቢፈነዳስ?» አለው። «ከአዋሽ ስትመለስ፣ ባስፋልቱ ጎዳና፣
ከፊቷ ተሳቢ፣ ከጎኗ ባጃጅ፣ ሰማንያ እየነዳች፣
ያን ክብ ፕላስቲክ ይዛ ማንን ልታዝበት ነች?»
ቱፋ ዝም አለ።
ቅን ልጅ ነው፤ ዝም ማለት ያውቃል።
ቆይቶ «ሎደርማ» አለ፣ «ሎደር የሚሄደው ሃያ ነው። እውነትዎን ነው፣ ያስፈራል።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ገንዘቤን ቆጠርኩ፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፣ ሁለቴም ያው ነበር።
የሚመታኝ መሪ፣ ግን መንገዱን የሚነግረኝ፤
የማይመታኝ መሪ፣ ግን አንዳች የማይነግረኝ።
ጣቴን አሸሁት። ነፋሱ በር ይገፋል።

ጠዋት ላይ ደቻሳ ሦስተኛውን ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሣለ፦
ቦክሱ ከነዘንጉ እንደነበረ አለ፤
ከጎኑ አንዲት ትንሽ ፒስተን፣ ከቱፋ የተገኘች፣
አለቱ ሲጎትት ትከሻ የምትሰጥ፣ እንደ ጎረቤት የቆመች።
«ደቦ በይው» አለኝ። «ቱቦው የፈነዳ ለት
ክንድሽ ይደክማል እንጂ ብረቱ አለ፣ አይከዳሽም በመንገድ መካከል።
ግን ትይዩ ይሁን።» ሲባጎ ወጥሮ ሦስት ቀን ለካ፤
«ዘንጉ ጋደል ካለ፣ ባሌስትራው ሲዘል፣ እጅሽ ሳይነካ
ራሱን ያዞራል። ያንን አልፈልግም።»
ቱፋ በየደው፤ ደቻሳ አንዱን ብየዳ አልወደደውም፣
ቆርጦ አስጣለው፣ እንደገና አስበየደው።

ቅዳሜ ስንወጣ ነፋሱ ጋብ ብሎ፣
የጎሚስታው ልጅ ቆመ ከጎማ ክምር ላይ ዘሎ፦
«እሺ፣ ማን አሸነፈ?»
«ጥምር ነው» አልኩት። ሳቁ ከኋላችን ቀረ፤
ኮረብታው ላይ ነጫጭ ክንፎች ይዞራሉ፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር መናገር ጀመረ።
በስሱ ነው የሚሰማኝ፣ በግድግዳ በኩል እንደሚወራ ወሬ።
ደቻሳ ከጎኔ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።
ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። አንድ ትልቅ ድንጋይ ያዘን፣
መሪው ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ተወው።
ጥሩ መሪ ነው። ወድጄዋለሁ።
አውራ ጣቴን ግን
እስካሁን ከክቡ ውጭ ነው የማሳርፈው።