የሚዛኑ ዜሮ

ማራኪ ጨልሟል፤ መብራት ሄዷል ዛሬ፤
የቀረኝን ሻማ በስንዝር ለክቼ፣ በጣቴ ቆጥሬ፣
ካልኩሌተሬ እንኳ ባትሪው ሊያልቅ ደርሶ
ቁጥሩን ያሳየኛል ደብዝዞ፣ ኮስሶ።

አንድ እርከን ነው ሥራው፤ ሁለት ረድፍ ክንፍ፤
አንደኛው ቆሞ ነው እሳቱን የሚያሰልፍ፣
ሁለተኛው ደግሞ፣ እየተሽከረከረ፣ ጉልበቱን የሚገፍፍ።
በስምንት መቶ ሃያ ሰባት ዲግሪ ይገባል ጋዙ፤
ከመውጣቱ በፊት ለዘንጉ ስንቱን ያራግፋል ከጓዙ?

ሦስት ቀስት ሣልሁ፦ የጋዙን ፍጥነት፣ የክንፉን ሩጫ፣
ሦስተኛው ከክንፉ ላይ ተቀምጦ ላየው የሚታይ አቅጣጫ።
ስለዚህ ወጣሁና ከክንፉ ጫፍ ሰፈርኩኝ፣
በደቂቃ ዐሥር ሺህ ዙር፤ ራሴን ግን አላዞረኝ።

ኪሳራውን ጻፍሁ፦ ፍትጊያውን፣ የጫፉን ክፍተት፣
በክንፍና በግድግዳ መሃል ሾልካ፣ ሥራ ሳትሠራ የምታልፍ ትንፋሽ አለች፤ እሷንም ቆጠርኋት።
የሰጠውን ሊሰጥ ይችል ለነበረው አካፈልሁ፤
አንድ ነጥብ አንድ ስድስት።
ዓይኔን አሸሁ።

ከመቶ መቶ ዐሥራ ስድስት!
ይህ ማሽን እውነት ቢሆን ጎንደር ዳግመኛ አይጨልምም፤
ለአዘዞ ቢተርፍ፣ ለጭልጋ ቢያበድር አይደክምም።
መምህር አስረበብ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ብሎናል፦
“ከአንድ የበለጠ ብቃት ያመጣልኝ ዜሮ ይወስዳል።”

ደግሜ ሰላሁት። ደግሜ። ሦስተኛ።
ሻማው አጎነበሰ፤ ቁጥሩ ግን አልተኛ።

ሲነጋ ወረድሁ ሳሙና በር፣ አባቴ ወፍጮ ቤት፤
አባቴ ጥጋቤ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት።
ስለ ክንፍ ማዕዘን ምንም አላልሁትም፤
“አባ፣ የወጣው ከገባው በልጧል፤ ስሕተቱን አላገኘሁትም፤”
ብዬ በጆሮው ጮህሁ፣ ሞተሩ ሲያጓራ።
ሳቀ፤ ሳቁም አቧራ።

“አንድ ኩንታል አስፈጭቶ ከኩንታል በላይ የተሸከመ የለም፤
ይብናል፣ ከድንጋዩ ሥር ይቀራል፤ ወፍጮ ቀረጡን ሳይወስድ አይፈጭም።
ዱቄቱ ከበለጠሽ ድንጋዩን አትክሰሺ፣ ሞተሩን አትመርምሪ፤
ሚዛኑን ባዶ አድርጊና ከየት እንደሚጀምር ቁጠሪ።”

አለና ጠረገው፣ በእጅጌው፣ የሚዛኑን ሳህን፤
ምንም ሳይኖርበት ቀስቱ አንድ ኪሎ ላይ ቆሟል። ሁለታችንም አየን።
(ስንት ደንበኛ ከፍሎበት እንደሆነ አልጠየቅሁትም ያን ቀን።)

እዚያው ቆሜ፣ ጫማዬ ዱቄት እንደለበሰ፣ ገባኝ፤
ዜሮዬ ዜሮ አልነበረም፤ ባዶ ነው ያልሁት ነው የከዳኝ።
እኔ መቁጠር የጀመርሁት ውሃ በረዶ ከሚሆንበት ነው፤
የሙቀት መሠረቱ ግን ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ደረጃ ወርደው የሚያገኙት፣
ቅንጣት የማይንቀጠቀጥበት ጓዳ ነው።

በባዶ ከረጢት ጀርባ ደመርሁት በእርሳስ፤
አንድ ሺህ አንድ መቶ፤ ድፍን፤ ጠብታ የማይፈስ።
እንደገና አካፈልሁ፦ ዜሮ ነጥብ ሰማንያ ሰባት።
ዐሥራ ሦስቱስ?
ቀና ብዬ አየሁ፤
አባቴ ቅንድብ ላይ ነበር፣ እንደ ዱቄት።

ማታ ደወለልኝ፤ “ቀስቱን ዜሮ ላይ መለስሁት” አለ፤
ትንሽ ዝም ብሎ፣ “የዚያ የእናትዬ ቤት ሰው ግን፣ ለዓመታት…” ሳይጨርሰው ተሰናበተኝ፣ ስልኩን ዘጋ፣ ቶሎ ቶሎ እያለ።

የጥቅምት ብርድ ነው። “ዛሬስ ሙቀት የሚባል ጠፍቷል”
ይላል ጎረቤቴ።
ዐሥሩ ዲግሪ ላይ ደመርሁ፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ይቀራል።
ይህን እያወቅሁም ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁት፤
መብራቱ አሁንም ሄዷል።