ቦራ

አራት መቶ ሊትር ባሕር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ትሪየስቴ፣ ሳን ጃኮሞ፣ ቁልቁል ወደቡ ሲታይ፤
ጨዉን በሚዛን ለክቼ፣ ሙቀቱን አስተካክዬ፣
ኮራሉን ከድንጋይ ጋራ በሙጫ አጣብቄ ተክዬ፣
“ይኸው፣ ባሕር ሠራሁ” ብዬ፣
ለካስ ውሃው ቆሟል፤
ከድንጋዩ ጀርባ አረንጓዴ ዝቃጭ ተኝቷል።

ፉርላን ዘንድ ሄድኩ፣ ከዓሣ ገበያው ኋላ፤
ሱቁ ጠባብ ናት፣ የምትሸት የባሕር ገላ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
“ስንት ሊትር?” አለኝ፣ ሰላምታዬን ዘልሎ።
“አራት መቶ።”
በእርሳስ አባዛ፣ በካርቶን ክዳን ላይ፦
“በሰዓት አሥራ ሁለት ሺህ፤ ለጠንካራው ኮራል ከዚያም በላይ።”

ሁለት ፓምፕ አወጣ፣ ጎን ለጎን አኖረ፤
አንዱ ጡንቸኛ ነው፣ ዋጋው ያልከበረ፤
ሌላው ትንሽ፣ ውድ፣ ድምፁን የቀበረ።
“ይሄኛው” አለ፣ ጡንቸኛውን እያገላበጠ፣
“አንድ መንገድ ብቻ ያውቃል፤ ስንቱን ሥጋ መለጠ!
ነፋሳችንን አላየህም? ቦራን? ይመታል፣ ያርፋል፣
ዞሮ ከጀርባ ይመጣል።
ኮራልም እንደዚያ ነው፤ ሲወዛወዝ ይጸዳል፣ ሲወዛወዝ ይበላል።”

ነፋሱን ቦራ አለው! እኔ የማውቀው ቦራ
ግንባረ ነጭ በሬ ነው፣ የአጎቴ፣ ቀንበር የማይፈራ።
ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላስረዳሁትም፤
በሬም ይሁን ነፋስ፣ ቦራ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ምክሩን ሰምቼ፣ ኪሴን አማክሬ፣
ርካሹን ይዤ ወጣሁ፣ ቁጥሩን አክብሬ።
ማታ ሶኬት ላይ ስሰካው የአሸዋ ማዕበል ተነሣ፤
መስታወቱ ላይ ተለጠፈች ቢጫዋ ዓሣ፤
ኮራሉ፣ ጠጉሩን እንደተነጨ፣ ጭብጥ አለ፤
ከታች ወይዘሮ ኒቬስ፣ የመጥረጊያዋ እንጨት ጣሪያውን ጠለጠለ።
ውዳላት ከመኝታ ቤት፦
“ባሕር ነው ያልከኝ እኮ፤ ይሄ ወፍጮ ቤት!”

ሰኞ መለስኩት። ፉርላን ምንም አላለም፤
ዝምታው ከስድብ ይከፋል፣ ገንዘቤን ግን አላጎደለም።
ሁለት ትናንሽ ሰጠኝ። ፊት ለፊት ሰቀልኳቸው፣
ተያይተው እንዲጣሉ፣ ማንም ላይገላግላቸው፤
መሐል ላይ ጅረት ከጅረት ሲሰባበር፣
ኮራሉ ጣቱን አንድ በአንድ መዘርጋት ጀመር።

ኒቬስ ግን ደረጃ ላይ፦ “ያ ንባችሁ አሁንም አለ፤
እንቅልፌ በእናንተ ቤት ተቃጠለ።”
ከሥሩ ስፖንጅ ጎዘጎዝኩ፤ ጎማም ጨመርኩ።
“አለ!” አለች። እኔም ዝም አልኩ።

የካቲት ላይ ቦራ መጣ፣ ያ ግንባረ ነጩ፣
ሞተር ብስክሌቶች እንደ ጥጃ መንገድ ዳር ተረፈረፉ፣ መስኮቶች ተንጫጩ፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ድርግም፤
ፓምፖቹ ዝም።
ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው
ኮራል አላሳደገም፤ አየር ያጣ ውሃ ምኑን ወርቅ ነው?

ውዳላት ጭልፋ፣ እኔ ማማሰያ፣
ባሕር ስናማስል በስልክ መብራት ማያ፣
በር ተንኳኳ። ኒቬስ። ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ደርባ፣
ሻማዋ እየተርገበገበ፣ ሳትጋበዝ ገባ፦
“ንቡ ቆመ። ዝምታው ቀሰቀሰኝ።
የሞታችሁ መሰለኝ።”

ጭልፋውን ከውዳላት ነጠቀች፤
አርባ ዓመት ፖለንታ ያማሰለ ክንድ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣
“ክብ አታዙረው!” ብላ ተቆጣችኝ፤
አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣
ሳይታሰብ ቆም፣ ከዚያ ገፋ፤
የፉርላንን ትምህርት ማን ነገራት? አልጠየቅሁም። ሌሊቱ በፈረቃ አለፈ።
አንድ ኮራል ሞተብን። የቀረው ተረፈ።

ሐሙስ ፉርላን ዘንድ ሄድኩ፦ “ባትሪ ያለው፣
መብራት ሲጠፋ የሚነቃው።”
አቀረበልኝ ሁለት፦
“ይኸኛው ጭራሽ ድምፅ የለውም፤ ተኝተህ እደርበት።”
ሌላኛውን አነሣሁ፣ ጆሮዬ ላይ ያዝኩት።
“ይሄስ?”
“እሱ ትንሽ ያጉረመርማል።”
“እሱን ስጠኝ” አልኩት፤ “ከታች የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ ዝም ካለ ይሰጋል።”