የሟቾች ዓምድ

ራስ አል ኸይማ ላይ፣ ከወደቡ ማዶ፣
አራት መቶ ዛጎል በሙቀት ተማግዶ፣
ውሃው በየዕለቱ ሲግል ጥቂት ጥቂት
ስንቱ እንደሚከርም፣ ስንቱ እንደሚሞት
ቆጥሬ የምጽፍ እኔ ነኝ በሌሊት።

አፉን ከፍቶ ካየሁ በጣቴ እነካለሁ፤
ከገጠመ፣ አለ። ካልገጠመ፣ ሞቷል፤ በእርሳስ እጽፋለሁ።
ቀለም ጨው አይችልም፤ እርሳስ ግን ይጸናል፣
ደብተሬ ቢረጥብም ቁጥሩ ይገኛል።

በእኛ ነሐሴ ስምንት፣ በእነርሱ ኦገስት፣
ፓምፑ አጓርቶ ቆመ እኩለ ሌሊት።
ቢጁ በመፍቻው፣ እኔ በበረዶ፣
ስንሯሯጥ አደርን፣ መዳፋችን ነዶ።
ሲነጋ ቆጠርኩኝ፦ ሠላሳ ሰባት።
ደግሜ ቆጠርኩኝ።
ሠላሳ ሰባት።

ጥር ላይ ረቂቁ፣ ለመጽሔት ሊላክ ሲል፣
እጄ ገባና ገጹን ሳገላብጥ፣
ከሟቾች ዓምድ ሥር አምስት ይላል። አምስት!
ሠላሳ ሁለቱን ማን ቀበራቸው፣ የት?

"ዶክተር ሸሃብ፣" አልኩት፣ "ይሄ ቁጥር ስቷል።"
"የት ይስታል?" አለኝ፣ "ተጣርቶ ጠርቷል።
ፓምፕ የገደለውን ሙቀት ገደለው ልበል?"
"እሺ፣ ይሁን፣" አልኩት፣ "ታዲያ ይጻፍበት፤
አንድ መስመር ናት እኮ፦ ፓምፑ ቆመ፣ ይህን ያህል ሞተበት።"
ሳቀ። "አንድ መስመር አንድ ጥያቄ ይወልዳል፤
ዳኛ ከጠየቀ ጽሑፉ እጃችን ላይ ያረጃል።"

ከርዕሱ ግርጌ ሰባት ስም ተደርድሯል፦
ገንዳውን በምርቃቱ ቀን ብቻ ያየው ዲን አለ፤
ከሌላ አገር አንዱ አለ፣ ስም በስም የሚለዋወጥ፤
ለሹመቱ አንድ ጽሑፍ የጎደለው ሦስተኛም አለ።
ቢጁ ግን የለም፣ ከምስጋናው እንኳ።
ስድስተኛው ማነው?
"ወንድይራድ፣ ት."

አባቴ! ባሕር አይቶ የማያውቅ አባቴ፣
የቡታጅራው በርበሬ መዛኝ፣
በእነርሱ ልማድ ፊት ቀድሞ፣ እኔን በአንዲት ፊደል አስከትሎ፣
የዛጎል ሊቅ ሆነ።
አንድ ቀን ብቻ ነው ጣቱን ሚዛን ላይ ያሳረፈው፤
ያን ሳምንት እራት አልበላም፤
በሳምንቱ ገበያ ሴትዮዋን ፈልጎ የጎደላትን ሰጣት።
ወንድ ይራድ ብለው ስም አወጡለት፤
የራደው ግን የኔ እጅ ነው።

ተመኝቼው ነበር፤ አልዋሽም።
አራት ዓመት ሙሉ በሰው ወረቀት ላይ ስሜን ስፈልግ ኖሬ
ይኸው መጣልኝ፣ ተጠቅልሎ፣ ከነዋጋው ዛሬ።

በር ጠባቂው ሽማግሌ፣ ኻሚስ፣ የጠላቂ ልጅ ናቸው።
"ሉሉ በመርከቡ ጌታ ስም ይሸጣል፤
የአባቴ ስም የሚጻፈው በዕዳ መዝገብ ብቻ ነበር" ይሉኛል፣
ሻያቸውን እያቀዘቀዙ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል እኛ ዘንድ፤
የኔስ የሚውለው በሠላሳ ሁለት መቃብር ላይ ነው እንዴ?

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ "ደራሲያን ሁሉ ውጤቱን አይተው ተስማምተዋል።"
ከጎኔ ያለችው ሳጥን ባዶዋን ቀርታለች።
ቪዛዬ መጋቢት ያልቃል፤ የሚያድሰው የእሱ ፊርማ ነው።
ይህን አልረሳሁም።

ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳሁት፤
ለመጽሔቱ አዘጋጅ ጽፌ ላክሁት፦
"ስሜን አውጡልኝ። ሠላሳ ሁለቱን መልሱ።
ቢጁ ኩሪያን የሚባል ሰው አለ፤ ያን ሌሊት አልተኛም፤ እሱን አትርሱ።"

መልስ መጣ ወዲያው፣ የሰው እጅ ሳይነካው፦
"ደብዳቤዎ ደርሶናል። በተራው ይታያል።"

አሁን ሌሊት ነው። ፓምፑ ይሠራል።
ገንዳ ሦስት ውስጥ ሁለት አፍ ተከፍቷል።
አንዱን ነካሁት፤ ገጠመ።
ሌላውን ነካሁት።
ጠበቅሁ።
እርሳሴን ቀረጽኩ።