ገጽ ዐሥራ አራት

ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ እጀታው ላልቷል፣ ግድግዳውን ያዢ፤
በረዶውን ከጫማሽ አራግፈሽ ግቢ፣ በሩ ላይ ቆመሽ አትፍዘዢ።
የመዝገብ ቤቱ መስኮት ይኸው፤ ከመስታወቱ ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት፣ ሐርላን ፎርክ፣ ሞንታና፣ የሰው ክርክር ያስረጀኝ።

«ካሊዮ» አልሽኝ። ስም ብቻውን አይበቃም፣ እመቤቴ፤
ካሊዮ የሞላበት ነበር የመዳቡ ጉድጓድ በዘመነ አባቴ።
ዓመቱን ንገሪኝ። ካላወቅሽው ዐሥር ዓመት ላይ አጥር እንጠር፤
ከሳሽ ማን ነው? ተከሳሹስ? ነገሩ ምንድን ነው፣ ፍቺ? ዕዳ? የመሬት ድንበር?

ማውጫው ያውና፣ ጀርባው የተላጠ፣ የተኛ ሕፃን የሚያህል ጥራዝ፤
በከሳሽ ስም አንድ፣ በተከሳሽ ስም አንድ፤ በሁለቱም ላይ ጣትሽ ይጓዝ።
ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ወዲህ ብቻ ነው ኮምፒውተር የገባው፤
ከዚያ በፊት የተጣላ፣ የተፋታ፣ የተካሰሰ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው ያለው።

የልጅ ጥፋት ከሆነ ታሽጓል፤ ለእኔም ቢሆን አይከፈትም፤
ፍቺ ግን የሕዝብ ነው። ለምን ፈለግሽው ብዬ አልጠይቅሽም።
ቅጹን እንኪ። ስምሽን፣ የመዝገቡን ቁጥር፣ የሚገለበጠውን ገጽ ጻፊ፤
«ምክንያት» የሚል ሣጥን ካየሽ የድሮ ቅጽ ነው፤ ዝለዪና እለፊ።
ለአንድ ገጽ ሃያ አምስት ሳንቲም፤ ማኅተም ሲጨመር ሌላ ሁለት ዶላር፤
ተቀምጦ ማንበብ ነጻ ነው። እስክሪብቶሽን ብቻ አስቀምጪ ከበር።

ሲልቪ ካሊዮ። ሰባ ሁለት ዓመቷ።
ጣቷ ሁለት ሰዓት ሙሉ በስም ላይ ተራመደ፦
ካሊዮ አርኒ፣ በባቡር ኩባንያው ላይ፤ የተቆረጠ እግር።
ካሊዮ ሌምፒ፣ በጎረቤቷ ላይ፤ የላም ዋጋ።
ካሊዮ ታይስቶ፤ ስካር። ካሊዮ ታይስቶ፤ ስካር።
ካሊዮ ሄልሚ፣ በካሊዮ ኤይኖ ላይ፤ ፍቺ።

ጣቷ ቆመ።
«እናቴ ናት» አላለችኝም፤ ቁጥሩን አነበበችልኝ እንደ ሎተሪ ዕጣ፤
መሰላል ወጥቼ ሣጥኑን ሳነሣ፣ ከሥሩ የደረቀ ተርብ ወጣ።

ፋይሉ በሲባጎ ታስሯል። ቋጠሮውን ያሰረው ጸሐፊ
ይኸው ስልሳ ስድስት ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልፈታውም።
መያዣው ዝጎ ወረቀቱ ላይ የሻይ ጠብታ የመሰለ ነገር ትቷል።

የሰው ፋይል ማንበብ ሥራዬ አይደለም።
እርሷ ግን መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ሳለ
ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር ገፋችልኝ፦ «አንብብልኝ።»

ዳኛው፦ ስንት ዓመትሽ ነው?
ልጅቷ፦ ስድስት።
ዳኛው፦ ከእናትሽ ጋር ነው ወይስ ከአባትሽ ጋር መኖር የምትፈልጊው?
(ልጅቷ አልመለሰችም።)
ዳኛው፦ አትፍሪ። ማንኛቸው ይሻሉሻል?
(ልጅቷ አልመለሰችም። ዳኛው ከረሜላ ሰጧት።)
ዳኛው፦ ይበቃል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኑር። መዝገቡ ተዘግቷል።

«ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት።
«እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ‹አንቺው ነሽ የመረጥሽኝ› ትለኝ ነበር።
አባቴም ይህንኑ ሰምቶ ነው ሚኒሶታ የገባው፤
ደብዳቤ አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም።
የከረሜላው ጣዕም ግን ትዝ ይለኛል። ሚንት ነበር።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ ይባላል፤
ጸሐፊው ዝምታን ሲጽፍስ፣ ያ ዝምታ ለማን ይደርሳል?

«ፋይሉን በሙሉ ላንሣልሽ?» «ዐሥራ አራትን ብቻ።»
«ባለ ማኅተም ነው?» አሰበች። «ባለ ማኅተም» አለች፣
ልክ አንድ ሰው እዚያው ቆሞ የሚከራከራት ይመስል።

«ከዋናው ጋር ትክክል ነው» የሚለውን ማኅተም
ከታች መታሁ፣ ከባዶው ቦታ ላይ፣ ቀኑንና ስሜን ጨመርኩ።
ሦስት ዶላር አስቀመጠች።
መልሷን ስቆጥር ወደ በሩ ዞራ ነበር፤
«እሱ ይቅር» አለች፣ «የከረሜላው ይሁን።»

ሲባጎውን መልሼ አሰርኩት።
ከእንግዲህ ቋጠሮው የኔ ነው።