ከምላስ ሥር

ሞላሌ ላይ ንፋስ በር አያንኳኳም፤ ገፍቶ ነው የሚገባው፣
ከታማሚው ቀድሞ ካርድ እየገለጠ ተራ የሚያዛባው።
ማክሰኞ ማለዳ፣
አንድ ሰው ገቡ በባና ተጠቅልለው፣
አፋቸውን በጋቢ ጫፍ ከልለው።

አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፤
ወሰን የገፋ፣ ደም የተቃባ ሁሉ የሚያውቃቸው፣
ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንድ ቃል ጣል ካረጉ፣
ዱላ የመዘዙ ዱላ የሚሸሽጉ።
ዛሬ ግን ዝም።

«ምች ነው፣» አሉኝ ቆይተው፣ ድምፃቸው እንደ ተልባ ተንሸራቶ፣
«ዳማከሴ ጨምቀውልኝ ነበር፤ አልሄደም ሸሽቶ።»

አልሳቅሁም። ምችን አውቃታለሁ፤
ከንፈር ጠርዝ ላይ ውሃ ቋጥራ፣ ተደርድራ አይቻታለሁ።
ትኩሳት ተከትላ ትመጣለች፣ ቅርፊት ጥላ ትሄዳለች፤
የሳቸው ከንፈር ጥግ ተሰንጥቋል እንጂ፣ ምች የት አለች?

«አፍዎን ይክፈቱ።»

ስንት ጊዜ ብያለሁ ይህን ቃል!
ሰው ደረቱን ይገልጣል፣ እግሩን ይዘረጋል፣
አፉ ላይ ሲደርስ ግን፣ ጓዳው እንዳልተጠረገ ሴት፣
እንግዳውን ደጅ ማቆም ያምረዋል።

ባትሪዬን አበራሁ።
ምላሳቸው ላይ ነጭ፣ የረጋ ወተት የመሰለ፤
ጉንጫቸው ውስጥ ነጭ፣ እንደ ጓሳ ውርጭ ሳይቀልጥ የዋለ።
በጨርቅ ጠረግሁት። ጥያቄው ይህ ነው፤ ይነሳል ወይስ አይነሳም?
አልነሳም ያለ ነጭ ሌላ ነው፤ እሱ እኔንም አያስተኛም።
ተነሳ። ከሥሩ ቀይ ሥጋ፣ ደም ነጥብ ነጥብ ያለበት።
ፈንገስ ነው። የአራስ ልጅ አፍ የሚወድ ፈንገስ፣
በሽማግሌ አፍ ምን በር ተከፈተለት?

«ምላስዎን ወደ ላይ ያንሱ፣» አልኋቸው።
ይህ ለሳቸው አልነበረም።

እንግዳሸት ትባል ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ፣
ጉንጯን በእጇ ደግፋ መጣች፣ ከኋላዋ እናቷ።
አዲስ ነበርሁ ያን ጊዜ፤ ጋወኔ ነጭ፣ እጄ ፈጣን፣
«ጥርስ ነው» ብዬ ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘሁ፣ ሰልፉ እየጠበቀን።
አገጯ ሥር እንደ እንጨት የጠጠረውን አልዳሰስሁም፤
ምራቋን መዋጥ አቅቷት በነጠላዋ ስትጠርግ
አፍራ መሰለኝ።
«ምላስሽን አንሺ» አላልኋትም።

በሦስተኛው ቀን አንገቷ ከአገጯ እኩል ሆኖ ተመለሰች፤
አምቡላንሱ ጣርማበር ጉም ውስጥ ሳለ፣
ደብረ ብርሃን ሳይታይ፣ ትንፋሿን ጨረሰች።
እናቷ «ጥርስ ይገድላል ወይ?» አለችኝ።
ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣
መልሱን ሰው ምላስ ሥር እፈልጋለሁ።

አቶ ልሳነወርቅ ምላሳቸውን መለሱ። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም።
«ያ በሽታ ነው?» አሉ። ስሙን አልጠሩትም።
ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ያገሬ ሰው፤
ዝንቧስ ቀረች፤ ስንቱን ነው ዝምታ ያስገባው!

መረመርናቸው፤ ያ በሽታ የለም።
ጋቢያቸውን ሊያጣፉ ሲሉ «ይቀመጡ፣» አልሁ፣ «አልጨረስሁም።
ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?»
«ኧረ ተይኝ! ደጁን ስለካ ነው የሚነጋ።»
«ውሃ ጥሙስ?»
«እንስራው አይበቃኝ።»
«ከሸኑበትስ ጉንዳን ይሰፍራል?»
ደነገጡ።
«ጉንዳኑን ማን ነገረሽ?»

ከጣታቸው አንዲት ጠብታ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት።
«ስኳር ነው፣ አባቴ። ለፈንገሱ በሩን እሱ ነው የከፈተለት።»
«ስኳር!» ብለው ሳቁ፣ ቁስሉ አስቆማቸው እንጂ መሃል ላይ፣
«ቡናዬን እንኳ በጨው የምጠጣ ሰውዬ! ስኳር ከየት አባቱ አገኘኝ በይ?»

ጠብታውን ሰጠኋቸው። «ቶሎ አይዋጡት፣ አፍዎ ውስጥ ያቆዩት፤
ለስኳሩ ደግሞ መድኃኒቱን ቀጠሮውን አይርሱት።»
«ነገርም እንዲያ ነው፣» አሉ በሩ ላይ፣ ጋቢያቸው ከአፋቸው ወርዶ፣
«አፍ ውስጥ ሳይቆይ የወጣ አያስታርቅም።»
ንፋሱ የቀረውን ይዞት ሄደ፤ አልሰማሁትም።

«ቀጣይ፣» አልሁ።
አንዲት ልጅ ገባች፣
ጉንጯን በእጇ ደግፋ።